ስሙ ያልተሰማ ጎማ ያዋጣል ወይስ ያከስራል?

በ2017 ዓ.ም. ሰኔ መግቢያ ላይ አጎቴ ዕቁብ ደረሳቸው። ጊዜው ክረምቱ ዳር ዳር የሚልበት፣ የሚኒባስ ታክሲያቸው አራት ጎማዎችም ጥርሳቸው አልቆ መላጣ ሊሆኑ የተቃረቡበት ስለነበር፣ ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል ብዙ ማሰብ አላስፈለጋቸውም። «አንተ ስለ ገበያ ትጽፍ የለ? እስቲ ዛሬ እኔን ጥቀመኝ» ብለው ይዘውኝ መርካቶ ወረዱ።

የመጀመሪያው ሱቅ ያሳየን ስሙን ሕፃን ልጅ ሳይቀር የሚያውቀውን ጎማ ነበር። ዋጋው የዕቁቡን ገንዘብ ጠራርጎ የሚወስድ ሆነ። ሁለተኛው ሱቅ ደግሞ አጎቴም እኔም ስሙን ሰምተነው የማናውቅ ጎማ አወጣልን፤ ዋጋው ከመጀመሪያው በሲሶ ያህል ይቀንሳል። ወጣቱ ሻጭ የጎማውን ጎን በጨርቅ ወልወል አድርጎ «4017» የሚል የታተመ ቁጥር አሳየንና፣ «ጋሼ፣ ይኸው ራስዎ ያንብቡት፤ የ17 ምርት ነው፤ ዘንድሮ የገባ» አላቸው። አጎቴ 17 የሚለውን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ፤ እጃቸውም ወደ ኪሳቸው ሄደ።

እጃቸውን ያዝኩ። ቁጥሩ የሚነበበው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። 40 ሳምንቱ ሲሆን 17 ዓመቱ ነው፤ ጎማው የተሠራው በ2017 እ.ኤ.አ. በ40ኛው ሳምንት፣ በእኛ አቆጣጠር በመስከረም 2010 ዓ.ም. መጨረሻ ነበር። «ዘንድሮ የገባ» የተባለው ጎማ አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሄድ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር አልፎታል። ሻጩ አውቆ ይሁን ሳያውቅ መፍረድ አልችልም፤ እሱም እንደ አጎቴ 17ን በአገሩ ዘመን አንብቦት ይሆናል።

የዛሬው ትምህርታችን መነሻ ይኸው ነው። የአጎቴ ስህተት ስሙ ያልታወቀ ጎማ ለመግዛት ማሰባቸው አልነበረም። ያው ስም ያለው ትኩስ ምርት ቢሆን ኖሮ ግዢው ጥሩ ሊሆን ይችል ነበር። ችግሩ ጎማውን ሳያነቡ በስሙ መፍራት ወይም በዋጋው መጓጓት ነው። ጎማ ደግሞ ጎኑ ላይ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ጽፎ ይዞ የሚመጣ ዕቃ ነው።

ስም የሚያስከፍለን ምንድን ነው?

በአንድ ጎማ ዋጋ ውስጥ ጎማው ብቻ የለም። የምርምሩ ወጪ፣ ማስታወቂያው፣ የመኪና ውድድር ስፖንሰርነቱ፣ የወኪሉ ትርፍ ሁሉ አለበት። ምርምሩ ለገዢው በጥራት መልክ ይመለስለታል፤ ማስታወቂያው ግን አይመለስለትም። በመሆኑም ስሙ ያልታወቀ አምራች በርካሽ የሚሸጠው አንዳንዴ የስም ወጪ ስለሌለበት፣ አንዳንዴ ደግሞ ከላስቲኩና ከሽቦው ስለቀነሰ ነው። ሁለቱ ሱቅ ውስጥ ተደርድረው ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ገዢው ለይቶ ማወቅ የሚገባው ይህንን ነው።

ያልታወቀ ስም ሁልጊዜ ያልታወቀ ሆኖ እንደማይቀርም የገበያው ታሪክ ያሳያል። ብሪጅስቶን በ1931 እ.ኤ.አ. በጃፓን የተቋቋመ ኩባንያ ሲሆን፣ በ1988 እ.ኤ.አ. ስመ ጥሩን የአሜሪካ ፋየርስቶን ገዝቶታል። የጣሊያኑ ፒሬሊ በ2015 እ.ኤ.አ. በቻይናው ኬምቻይና እጅ ገባ፤ የኮሪያው ኩምሆም በ2018 እ.ኤ.አ. ዋናው ባለድርሻው የቻይናው ደብል ስታር ሆነ። ትራያንግል፣ ሊንግሎንግ፣ ሳይሉንና ዌስትሌክ የሚባሉት የቻይና ጎማዎችም በብዙ አገር ገበያ የሚሸጡ፣ ከጀርባቸው ትልልቅ ፋብሪካዎች ያሏቸው ናቸው።

ሌላም አለ። ታላላቆቹ ኩባንያዎች ራሳቸው ዋጋቸው ዝቅ ያለ ሁለተኛ ስም ይዘው ይሸጣሉ። ባሩምና ማታዶር የኮንቲኔንታል፣ ኮርሞራን የሚሽሊን፣ ዴቢካና ሳቫ ደግሞ የጉድይር ናቸው። ማታዶር ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ ስም አይደለም፤ በኋላ ሆራይዘን አዲስ ጎማ የተባለው የአገራችን ፋብሪካ ከስሎቫኪያው ማታዶር ጋር በ2004 እ.ኤ.አ. ተጣምሮ ማታዶር አዲስ ጎማ ይባል እንደነበር ይታወሳል። ስለዚህ ሱቅ ስንገባ «ይኼ ስም ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ «የማን ፋብሪካ ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። መልሱ የት እንደሚገኝ ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

«ኦል ሲዝን» ለማን ወቅት?

በሱቆቻችን «ኦል ሲዝን ነው» የሚለው ቃል እንደ ምስክር ወረቀት ይነገራል። ቃሉ የተወለደው ግን በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች ነው። እዚያ የበጋ ጎማ በብርድ ሲደድር መንገድ አይዝም፤ የበረዶ ጎማ ደግሞ በሙቀት ጊዜ ቶሎ ያልቃል። በዓመት ሁለት ጊዜ ጎማ መቀያየር የሰለቸው ሰው ሁለቱን በመጠኑ የሚያቻችል አንድ ጎማ ይገዛል። «ለሁሉም ወቅት» የተባለው ይኸው ነው።

እንዲህ ያለው ጎማ ጎኑ ላይ «ኤም ፕላስ ኤስ» የሚል ምልክት ይኖረዋል፤ ጭቃና በረዶ ማለት ነው። ምልክቱ የሚሰጠው በጥርሱ ቅርጽ ብቻ ስለሆነ የፈተና ውጤት አይደለም። በረዶ ላይ ተፈትኖ ያለፈ ጎማ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ያለበት ሥዕል ይታተምበታል። የእኛ አገር ሾፌር ለዚህ ሥዕል ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍልበት ምክንያት የለም። ለብርድ ተብሎ ለስለስ የተደረገ ላስቲክ በእኛ ፀሐይና አስፋልት ላይ ዕድሜው ያጥራል።

የእኛ «ሁሉም ወቅት» ሁለት ነገር ነው፤ የክረምት ውኃና የቆላ ሙቀት። ከወራት በጋ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል በአስፋልቱ ላይ የከረመው ዘይትና አቧራ ከውኃው ጋር ተቀላቅሎ መንገዱን ሳሙና ያስመስለዋል። በሌላ በኩል ከአዲስ አበባ ወደ አዋሽ የሚወርድ መኪና ከ1,300 ሜትር በላይ ከፍታ ቁልቁል ወርዶ ከደጋ ብርድ ወደ ቆላ ሐሩር ይገባል። ስለዚህ ገዢው መጠየቅ ያለበት ጎማው በእርጥብ መንገድ ላይ ምን ያህል እንደሚይዝና ሙቀትን ምን ያህል እንደሚችል ነው።

ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ የቤት መኪና ጎማዎች ላይ ይህ በሦስት መለኪያ ተጽፎ ይገኛል። አንደኛው የመበላት ቁጥር ሲሆን 400 ማለት ለማነጻጸሪያ ከተያዘው ባለ 100 ጎማ አራት እጥፍ ይቆያል ማለት ነው። ቁጥሩን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ በመሆኑ የአንዱን ኩባንያ ጎማዎች እርስ በርስ ለማወዳደር እንጂ የተለያዩ ኩባንያዎችን ለማፋረድ ብዙም አይታመንም። ሁለተኛው በእርጥብ መንገድ ላይ የመያዝ ደረጃ ነው፤ ከፍተኛው ድርብ ኤ፣ ቀጥሎ ኤ፣ ቢ፣ ዝቅተኛው ሲ ነው። ሦስተኛው ሙቀት የመቻል ደረጃ ሲሆን ከኤ እስከ ሲ ይሄዳል። አዋሽና ከዚያ በታች የሚመላለስ ሰው በሙቀት ሲ የተባለውን ጎማ ርካሽ ነው ብሎ ባይገዛ ይመከራል።

ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ ጎማ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወረቀት ተለጥፎበት ይመጣል። ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባለው መለያ በእርጥብ መንገድ የመያዝ ደረጃው ከኤ እስከ ኢ ነው። የደረጃ ልዩነት ማለት መኪናው እስኪቆም የሚሄደው ርቀት ልዩነት ነውና፣ በክረምት ቁልቁለት ላይ አንድ ፊደል ቀላል ነገር አይደለም።

የጎማ መታወቂያ አነባበብ

መጠኑን ሁሉም ሰው ያነባል፤ ከመጠኑ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ግን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ለምሳሌ 175/70 አር 13 ከሚለው ቀጥሎ «82 ቲ» ቢል፣ 82 አንዱ ጎማ 475 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ሲሆን፣ ቲ ደግሞ የፍጥነት ጣሪያው በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር ነው ማለት ነው።

የሸክም ቁጥሩ በሚኒባስ ላይ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። 195 አር 14 ሲ የሚለው የጭነት ዓይነት ጎማ፣ ባለ 8 ፕላይ ሲሆን የሸክም ቁጥሩ 106 ነው፤ አንዱ 950 ኪሎ ግራም ይሸከማል። 195/70 አር 14 የሚለው የቤት መኪና ጎማ ደግሞ በተለመደው ቁጥሩ 91 ነው፤ የሚሸከመው 615 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ሁለቱም 14 ቸርኬ ላይ ይገባሉ፤ ሁለቱም ወርዳቸው 195 ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ይረክሳል። በአራት ጎማ ሲሰላ ግን ልዩነቱ 1,340 ኪሎ ግራም ነው። ሚኒባስን የቤት መኪና ጎማ አልብሶ ሰው የሚጭን ባለንብረት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ሴት ይሆናል፤ እዚህ ላይ ብብት ውስጥ ያለው ግን የተሳፋሪ ነፍስ ነው። ከላይ የጠቀስናቸው ሦስቱ የአሜሪካ መለኪያዎች ለቤት መኪና ጎማ እንጂ ለጭነት ዓይነቱ ጎማ ስለማይሠሩ፣ ባለ ሚኒባሱ ዋናው መመሪያው የሸክሙ ቁጥር፣ ፕላዩና የተመረተበት ጊዜ ነው።

ቀጥሎ ዲ.ኦ.ቲ. ተብሎ የሚጀምረው ረድፍ ይመጣል። የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች ሳምንቱና ዓመቱ መሆናቸውን አይተናል። ቁጥሩ በአንዱ ጎን ብቻ ሊታተም ስለሚችል፣ አራት አሃዝ ካልታየ ጎማውን አገላብጦ መፈለግ ነው። ብዙ የመኪና አምራቾች ጎማ ከስድስት ዓመት በኋላ እንዲቀየር ይመክራሉ፤ እንደ ሚሽሊን ያሉ ጎማ አምራቾችም ጥርሱ ባያልቅ እንኳ ከአሥር ዓመት በላይ እንዳይነዳበት ያሳስባሉ። ላስቲክ መደርደሪያ ላይም ሆኖ ያረጃል።

ወደ ጠየቅነው ጥያቄ እንመለስ። ከዲ.ኦ.ቲ. ቀጥሎ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ምልክቶች የፋብሪካው መለያ ናቸው። ሁለት የተለያየ ስም ያላቸው ጎማዎች አንድ ዓይነት መለያ ከያዙ ከአንድ ፋብሪካ ወጥተዋል ማለት ነው። ይህ ብቻውን ጥራታቸው እኩል ነው አያሰኝም፤ ሆኖም ያልታወቀው ስም የማን ዘመድ እንደሆነ ይነግረናል።

በክበብ ውስጥ ያለው ኢ የሚለው ፊደልና ከጎኑ ያለው ቁጥር ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። «ኢ 4 ነው፤ የአውሮፓ ዕቃ ነው» ሲባል ይሰማል። ቁጥሩ ጎማው ደንቡን ማሟላቱን ያጸደቀውን አገር እንጂ የተሠራበትን አገር አያመለክትም። 4 ኔዘርላንድስ ናት፤ ቻይና ተሠርቶ በኔዘርላንድስ የጸደቀ ጎማ ኢ 4 ይጻፍበታል። ምልክቱ መኖሩ ጥሩ ነው፤ ለምልክቱ ግን የአውሮፓ ዋጋ መክፈል አይገባም።

ዋጋውን በኪሎ ሜትር እናስላ

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ስሌቱን ለማቅለል ክብ ቁጥሮችን በምሳሌነት እንውሰድ፤ አንባቢ የራሱን የገበያ ዋጋ ተክቶ ያስላ። ስመ ጥሩው ጎማ 15,000 ብር ያወጣል፤ 60,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ያልታወቀው 10,000 ብር ያወጣል፤ 45,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከሁሉም የረከሰው 7,500 ብር ያወጣል፤ 25,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በእያንዳንዱ ላይ ለጎሚስታና ለባላንስ 500 ብር እንጨምር።

ስመ ጥሩው ለ1,000 ኪሎ ሜትር 258 ብር ያህል ያስወጣል። ያልታወቀው 233 ብር፣ ከሁሉም የረከሰው ግን 320 ብር ይደርሳል። ሱቅ ውስጥ ርካሽ የነበረው መንገድ ላይ ከሁሉም የተወደደ ሆነ ማለት ነው። መካከለኛው ግን አሸነፈ፤ በዚያ ላይ በአራት ጎማ 20,000 ብር ከባለንብረቱ እጅ ሳይወጣ ቀረ። ገንዘብ በሚያጥርበት ጊዜ ይህ ብር ሌላ ሥራ ላይ ይዞራልና ጥቅሙ በስሌቱ ከታየው ይበልጣል።

«45,000 እንደሚሄድ በምን አውቃለሁ?» የሚል አንባቢ ተገቢ ጥያቄ ጠይቋል። መልሱ የጥርስ መለኪያ የምትባል ትንሽ መሣሪያ ናት። የአዲስ የቤት መኪና ጎማ ጥርስ ብዙውን ጊዜ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥልቀት አለው። በአውሮፓ ሕግ ዝቅተኛው 1.6 ሚሊ ሜትር በመሆኑ የሚበላው 6.4 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት ጎማ ገዝቶ በአንድ አክስል ላይ ማሰር፣ 5,000 ኪሎ ሜትር ሲሄድ መለካት ነው። 0.8 ሚሊ ሜትር ከተበላ ጠቅላላ ዕድሜው 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከላይ ባለው የዋጋ ምሳሌ ያልታወቀው ጎማ ከስመ ጥሩው ጋር ለመተካከል 40,600 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ ስላለበት፣ 0.8 ድንበሩ ነው። ከዚያ ያነሰ ከተበላ ሌሎቹን ሁለት ከዚያው ስም መግዛት ያዋጣል፤ 1 ሚሊ ሜትር ከተበላ ግን ስሙን ከማስታወሻ ላይ መሰረዝ ነው። መለካቱ የሚታመነው ንፋሱ ልክ ሆኖ፣ አላይመንቱም ተስተካክሎ እንደሆነ መዘንጋት የለበትም፤ ጎማን ያለ ጊዜው የሚጨርሰው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ነው። በክረምት ደግሞ 1.6 እስኪደርስ መጠበቅ አደጋ አለው፤ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ጥርስ ውኃ የማስወጣት ኃይሉ በጣም ይደክማል።

ይህ ሁሉ ስሌት የሚሠራው ግን ጎማዎቹ በሸክም፣ በእርጥብ መንገድና በዕድሜ ፈተናውን ካለፉ በኋላ ነው። ሙሉ ሰው ጭኖ የፈነዳ ጎማ በኪሎ ሜትር ስንት እንደሆነ የሚያሰላ የለም።

ለነጋዴውና ለደላላው

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ዓመቱ ሳያልቅ ከ100 ብር ተሻገረ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ዕቃ አስቀምጦ መጠበቅ ትርፍ ይመስላል። ጎማ ግን ወርቅ አይደለም። ወርቅ ሲቀመጥ ዕድሜው አይቆጠርም፤ ጎማ ላይ ግን የልደት ቀኑ ታትሟል፤ ማንበብ የሚችል ገዢ ሲበዛ ሦስት ዓመት የከረመ ጎማ ዋጋው መውረዱ አይቀርም። ስለዚህ መጋዘን ያለው ነጋዴ ቀድሞ የተመረተውን ቀድሞ ያውጣ፤ ሲያስመጣም የምርቱ ሳምንትና ዓመት በውሉ ውስጥ እንዲጻፍ ያድርግ።

ባልታወቀ ስም የሚነግድ ሰው ሌላው ሥጋቱ አቅርቦቱ መቋረጡ ነው። ደንበኛ አንድ ጎማው ሲቀደድበት ተመሳሳዩን ካላገኘ ሁለት ለመግዛት ይገደዳል፤ ያን ጊዜ ስሙን ይጠላል። በየጊዜው አዲስ ስም ከሚያመጣ ይልቅ ሁለት ስሞችን መርጦ ሳያቋርጥ የሚያመጣ ነጋዴ ደንበኛ ያበጃል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የገቡት የኤሌክትሪክ መኪናዎችም በባትሪያቸው ምክንያት ከባድ ስለሆኑ ከፍ ያለ የሸክም ቁጥር ይፈልጋሉ። መጠኑ ገጠመ ብሎ ዝቅተኛውን የሚሸጥላቸው ሰው ችግር እየሸጠ ነው። ለደላላውም የምንለው አለ፤ «አዲስ ነው» ከማለት ይልቅ ቁጥሩን በሁለቱም ዘመን አቆጣጠር የሚተረጉም ደላላ ኮሚሽኑን ያለ ክርክር ይቀበላል።

አጎቴ በዚያን ቀን አራት ሱቅ ዞሩ። በመጨረሻ የገዙት ያው ስሙን ሰምተነው የማናውቅ ዓይነት ጎማ ነው፤ ግን ሲ ያለበት፣ ባለ 8 ፕላይ፣ የሸክም ቁጥሩ 106። የምርቱን ቀን ራሳቸው አጎንብሰው ፈለጉት፤ «0825» ይላል። «25? ይኼ ደግሞ ገና ያልመጣ ዓመት ነው!» ብለው ሳቁ። ወደ እኛ ስንመልሰው የካቲት 2017 ዓ.ም. ሆነ፤ የአራት ወር ጎማ ነው። ከዕቁቡ በተረፈው ገንዘብ ስኮርታውን ቀየሩ፤ የጥርስ መለኪያም ገዙ። ዛሬ በሚኒባሱ ኪስ ውስጥ ቀን፣ ኪሎ ሜትርና የጥርስ ልክ የሚጻፍባት አንዲት ደብተር አለች። የጎማው ስም ደብተሯ ላይ የተጻፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ቁጥር ነው።